እርጥብ እጆች

«በዓይንሽ አይተሻል?» አሉ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው።

«በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ቲቸር» አለች ጠበቃ። «ዓርብ ከላብራቶሪው ስትወጣ። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።»

«እርጥብ ነበር?»

ጠበቃ አላመነታችም። «አዎ፣ እርጥብ ነበር።»

ጠበቃ ቤተሰብ ያወጣላት ስም አይደለም፤ ክፍል ውስጥ የተለጠፈላት ነው። ክርክር ከተነሳ ማንንም አትለቅም። መምህር ይሁን ተማሪ፣ ነገሩን ከየት ጀምራ የት እንደምታደርሰው አይታወቅም፤ ብቻ መጨረሻ ላይ ልክ ሆና የምትገኘው እሷ ነች። የትምህርት ቤቱ የክርክር ቡድን ባለፈው ዓመት ዋንጫ ያመጣው በእሷ አፍ ነው ይባላል። በእሷና በሬዲዮ አፍ።

ሬዲዮ ደግሞ አሁን ከጎኗ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ቆማለች። እሷም ስሟን ያገኘችው እንደዚያው ነው፤ ጠዋት ከተከፈተች ማታ ድረስ የማትዘጋ፣ የሰው ድምፅ እንደ ልብስ ገልብጣ የምትለብስ ልጅ ናት። የጥበቃውን ሳል፣ የሒሳብ መምህሩን «ተግባባን?»፣ የመዝሙር መምህርቷን አካሄድ ሳይቀር ታውቅበታለች። ሁለቱ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። ዛሬ ግን አይተያዩም።

«ቲቸር፣ እኔ ቧንቧ የሚባል ነገር አልነካሁም» አለች ሬዲዮ። «ተረኛ ስለነበርኩ ጠረጴዛ ወልውዬ፣ መጥረጊያውን ቦታው አስቀምጬ ወጣሁ። በቃ። ደግሞ ዓርብ ውሃ አልነበረም እኮ! ውሃ በሌለበት እጄ በምን ይረጥባል?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ጠበቃ ጥሩ ጥያቄ ስትሰማ ታውቃለች። መድረክ ላይ ከተቃራኒ ቡድን እንዲህ ያለ ነገር ሲወረወር ቆም ብላ ታስብበታለች። አሁን ግን ከዓርብ ጀምሮ ሲፋጃት የከረመ ቁጣ ነበረና፣ እሱ ቀደመ።

«ውሃ ሲሄድ ቱቦ ውስጥ ትንሽ ይቀራል» አለች። «ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ ትንሽ ይፈሳል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። የቆመ መስሏት ሳትዘጋው ሄዳለች ማለት ነው። እጇ እርጥብ የሆነውም፣ ቧንቧው ክፍት የተገኘውም ለዚህ ነው። ሁለቱ ነገሮች የሚገጥሙት እንደዚህ ከሆነ ብቻ ነው።»

ምክትል ርዕሰ መምህሩ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሬዲዮ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። ጠበቃ ያን ጊዜ ደስ አላት። ትንሽ ሳይሆን በጣም ደስ አላት። በኋላ ቀኑን መልሳ ባሰበችው ቁጥር ከሁሉ ይልቅ ፊቷን የሚያስደብቃት ይሄ ደስታ ነበር።

ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። ሰኞ ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በሩን ስትከፍት ውሃ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ከላይ ባለው ላብራቶሪ የጥጉ መታጠቢያ ገንዳ ቧንቧ ተከፍቶ ነው ያደረው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ የዋለው ውሃ ትምህርት ቤቱ ሰው አልባ በሆነበት ቅዳሜና እሁድ መጥቶ፣ ገንዳውን ሞልቶ፣ ወለሉን አጥለቅልቆ፣ በኮርኒሱ ስንጥቅ እየወረደ መደርደሪያዎቹን ሲያጠጣ ከረመ። መዝገበ ቃላቱ አብጠው ከቦታቸው አንላቀቅም አሉ። የአትላሶቹ ባሕር ከየብሱ ጋር ተጣበቀ። አዲስ የመጡት ልቦለዶች ገና ሰው ሳይገልጣቸው ቀለማቸው እርስ በርስ ተላለፈ።

ውሳኔው እዚያው ተሰጠ። ሬዲዮ አሳዳጊ ታመጣለች። ለሚመጣው ዓርብ ውድድር ከክርክር ቡድኑ ትወጣለች። መጻሕፍቱ ደርቀው እስኪያልቁ ድረስም በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት እየቀረች ትሠራለች።

ያለፈው ዓርብ ምን ሆኖ ነበር? የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ መምህር አልመጣም ነበር። ሬዲዮ እንደ ልማዷ መድረኩ ላይ ወጣች፣ የሰሌዳ ማጥፊያውን እንደ ማይክ ጨበጠች፣ «ክቡራን ዳኞች!» አለች። በጠበቃ ድምፅ። ክፍሉ ወዲያው አወቀ። ከዚያ ሬዲዮ ፀጉሯን በጠበቃ አስተካከል አስተካከለች፣ መስታወት ፊት እንደቆመ ሰው ራሷን ግራና ቀኝ አየች፣ የሌለ ዋንጫ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ «በእውነቱ ይህን አልጠበቅሁም» ብላ የሌለ እንባ ጠረገችና ለራሷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

እውነት ነበር። ጠበቃ ይህን ታደርጋለች። መኝታ ቤቷን ዘግታ፣ መስታወቱ ፊት፣ ማንም ሳያያት። ያየቻት ሬዲዮ ብቻ ናት፤ እነሱ ቤት ያደረች ቀን። ያን ጊዜ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተንከባለው ስቀው ነበር።

ክፍሉ ግን በእሷ ነው የሳቀው። ከኋላ ያሉት ዴስክ ደበደቡ። ሬዲዮ ከመድረኩ ላይ ሆና ጠበቃን በዓይኗ ፈለገች፤ አብራ እንድትስቅ እየጠበቀች ይመስል ነበር። ጠበቃ ጆሮዋ ጋለ። ደወሉ ሲደወል ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሁሉም ወደ ታች ሲወርድ እሷ ወደ ላይ ወጣች፤ ወዴት እንደምትሄድ ሳታውቅ፣ ብቻ ሰው ወደሌለበት። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ከደረጃው አናት ያለውን መስኮት ነው። እዚያ ቆማ ግቢው ሲራቆት እያየች ሳለ ሬዲዮ መወልወያና መጥረጊያ ይዛ እያፏጨች መጣች።

«ጠበቃ! አኮረፍሽ እንዴ? አቦ አታካብጂ፣ ቀልድ እኮ ነው!»

ጠበቃ አልዞረችም። ሬዲዮ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ላብራቶሪው ገባች። ጥቂት ቆይታ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣችና ወረደች። ያ ነው የታየው። እጁ እርጥብ የሆነው ሰኞ ነው።

ማክሰኞ የሬዲዮ አክስት መጣች። ሬዲዮን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ፀጉር ቤት አላት። የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ፣ ጣቶቿ ላይ የፀጉር ቀለም እንዳለ፣ ከምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስትወጣ ጠበቃ ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠመቻት። የምትገባበት ጠፋት። ባለፈው ውድድር ዋዜማ ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣ ሹሩባ የሠራቻቸው ይህችው ሴት ናት።

አክስትየዋ ግን ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። «አትሳቀቂ የኔ ልጅ» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንቺ ያየሽውን ነው የተናገርሽው። ጥፋቱ የእሷ ነው።»

ጠበቃ «እሺ እትዬ» አለች። ፈጥና ወደ ክፍል ሄደች።

ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ዴስክ ቀይራ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ማንንም አታስመስልም፣ ከማንም ጋር አታወራም። የኋላ ወንበሮቹ «ሬዲዮ ባትሪ ጨረሰች» ብለው ቀለዱ፤ ቀልዱ ሁለተኛ ሲደገም ማንም አልሳቀም። የክርክር ክበቡን የምትመራዋ መምህርት በሬዲዮ ቦታ ሌላ ልጅ አስገብታ ልምምድ ስታስጀምር፣ እንደ ሁልጊዜዋ ልጁ በተናገረ ቁጥር «በምን አወቅህ?» እያለች ታቆመው ነበር። ያ ጥያቄ ሲነሳ ጠበቃ አጎንብሳ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። ክሩ አልተፈታም ነበር።

ረቡዕ ማታ እራት ሳይቀርብ፣ ቤት ውስጥ ጠብ ተነሳ። ታላቅ እህቷ ሳትጠይቃት የጠበቃን አዲስ ጫማ አድርጋ ወጥታ ጭቃ አስነክታው መጣች። ጠበቃ ጮኸች፣ እህቷ ጮኸች፣ እናታቸው ከሁለቱም በላይ ጮኸች። ጠበቃ ክፍሏ ገብታ በሩን ጠረቀመችው። ትንሽ ቆይቶ ከወጥ ቤት የእናቷ ድምፅ መጣ።

«ኧረ ማነው ቧንቧ ከፍቶ የሄደው? ቤቱ ባሕር ሆነ እኮ!»

ጠበቃ ወጣች። ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ የነበረው ውሃ መጥቷል። የዕቃ ማጠቢያው ሞልቶ ወለሉ ላይ ይወርዳል።

«እሷ ናት!» አለች እህቷን እየጠቆመች። «ጫማውን ልታጥብ ሞክራ ነው። እጇን አላያችሁም? ማን ሌላ ይሆናል?»

«አንቺ ነሽ» አለ አባቷ።

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ከሥራ ሲገባ ወሬ አይወድም፤ ጥጉ ላይ ባለው ወንበር እግሩን ዘርግቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አሁንም ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«እኔ?» አለች ጠበቃ። «አባዬ ሙት፣ እኔ ወጥ ቤት አልገባሁም!»

«ገብተሻል። በፊቴ ነው ያለፍሽው። ፊትሽ በርበሬ መስሎ መጣሽ፣ ከፈትሽው፣ ጠብ አላለም። ጥለሽው ወደ ክፍልሽ ሄድሽ። ልጠራሽ ስል በሩን ጠረቀምሽብኝ።»

«አላደረግኩም።»

«እንግዲህ ዓይኔ ዋሸኝ» አለ አባቷ፣ ሳይቆጣ። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

እህቷ ድሏን ይዛ ገባች። ጠበቃ ጨርቅና ባልዲ ተሰጣት። ተንበርክካ ውሃውን ስትጨምቅ ከራሷ ጋር መከራከሯን አላቆመችም፤ አባዬ ደክሞታል፣ አንቀላፍቶ ነበር፣ ከእህቴ ጋር አምታትቶኝ ነው። ደግ ደጉ ማስረጃ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣ ነበር፣ ሳትጠራው። ከዚያ ጨርቁን ልትጠመዝዝ ስትነሳ እጇ ቧንቧው ላይ አረፈ። ጣቶቿ ያንን መዘውር አወቁት። አዎ፣ ከፍታዋለች። ሲጢጥ ማለቱን እንኳ ሰምታዋለች።

ሲጢጥ የሚለው ግን የወጥ ቤታቸው ቧንቧ አይደለም። የእነሱ ቧንቧ ድምፅ የለውም።

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ትዝ አላት፤ የላብራቶሪው በር፣ ዓርብ፣ ገርበብ እንዳለ። ከበሩ የማይታየው ጥግ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ። ማንም እንዳያያት የመረጠችው ቦታ። እንባዋን ልትታጠብ የዛገውን መዘውር አዞረችው፣ ሲጢጥ አለ፣ ውሃ የለም። ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ ወጣች። ወደ መስኮቱ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቷ። «በውሃ ሰው እንዲህ ይደነግጣል እንዴ? ተይው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«አይ እማዬ፣ እኔው» አለች ጠበቃ፤ ወለሉ ከደረቀ በኋላም ስትወለውል ቆየች።

ሐሙስ ጠዋት መጀመሪያ የሄደችው ላብራቶሪ ነው። ቴክኒሻኑ ብልቃጦች እያጠበ ነበር። «ሰኞ ክፍት የተገኘው የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችው። የጥጉ ባይሆን እያለች፤ በሩ አጠገብ ያለው ይሁን እያለች። ቴክኒሻኑ በአገጩ ወደ ቁም ሣጥኑ ጀርባ ጠቆመ። «ያቺው ብቻ። ማፍሰሻዋ ከድሮም የተደፈነ ነው። ምነው?»

«ምንም።»

ቀኑን ሙሉ ለራሷ ንግግር አዘጋጀች። ጠበቃ ንግግር ማዘጋጀት ታውቅበታለች፤ ለአንድ ነገር ሁለት ንግግር እንኳ ታዘጋጃለች። አንደኛው አጭር ነበር፤ እኔ ነኝ የሚል። ሁለተኛው ደግሞ ለስለስ ያለ ነው፤ ሳስበው እርግጠኛ አይደለሁም የሚል። ሁለተኛው ሬዲዮን ያወጣታል፣ እሷንም አያስገባም፣ ቡድኑም ለነገው ውድድር አይበተንም፣ ማንም አይጎዳም። ባሰበችው ቁጥር እየበሰለ፣ እያማረ፣ ፍትሐዊ እየመሰለ መጣ። በምሳ ሰዓት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስትገባ ይዛው የገባችው ይህን ሁለተኛውን ነው።

«ቲቸር፣ ስለ ሰኞው ነገር... ሳስበው ያን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም። እጇ እርጥብ መሆኑን።»

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከሚያርሙት ፈተና ቀና አሉና ፈገግ አሉ።

«አውቄዋለሁ። ጓደኛሽ አሳዘነችሽ፣ አይደል?»

«አይ፣ ማለቴ...»

«ጥሩ ልብ አለሽ፤ ይሄ ያስመሰግንሻል። ግን ልጅቷ ጥፋቷን ተቀብላለች። ትናንት ራሷ መጥታ ይቅርታ ጠይቃኛለች። አንቺ አሁን ስለ ነገው ውድድር ብቻ አስቢ።»

ጠበቃ ተመስግና ወጣች። ከቢሮው ውጭ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ጥፋቷን ተቀብላለች? ያላጠፋችውን?

ከትምህርት በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል፤ ክፍሉ እርጥብ ወረቀትና ሙጫ ይሸታል። ጠረጴዛዎቹ ላይ መጻሕፍት እንደ ድንኳን ተዘርግተዋል። ኃላፊዋ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ገብታ ነበር። ሬዲዮ ብቻዋን ተቀምጣ የተጣበቁ ገጾችን በማስመሪያ ጫፍ ቀስ እያለች ታላቅቃለች፤ በየገጹ መሃል ደረቅ ወረቀት ታስገባለች። ያቺ አንድ ቦታ ሁለት ደቂቃ መቀመጥ የማይሆንላት ልጅ።

«ለምን መጣሽ?» አለች ቀና ሳትል።

«ላግዝሽ።»

«ተቀጣሽ?»

«አይ።»

«እንግዲያው ሂጂ። ነገ ውድድር አለሽ።»

ጠበቃ አልሄደችም፤ አልተቀመጠችምም። ያዘጋጀችው አጭሩ ንግግር አፏ ውስጥ ነበር፣ ግን እንደ ንግግር አልወጣም።

«ቧንቧውን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

የሬዲዮ ማስመሪያ ቆመ።

«አንቺ ሳትመጪ በፊት ገብቼ ነበር። እያለቀስኩ። ፊቴን ልታጠብ። ውሃ አልነበረም። መክፈቴን አስታውሳለሁ፣ መዝጋቴን ግን... የጥጉን ነው የከፈትኩት፣ ክፍት የተገኘውም እሱ ነው። እጅሽም እርጥብ አልነበረም። እጅሽን በቀሚስሽ ስትጠርጊው ነው ያየሁት። ሌላውን እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«አቧራ ነበር» አለች ሬዲዮ፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል። «የመወልወያው አቧራ።»

«ሰኞ ስናገር አላስታወስኩም ነበር። እውነቴን ነው። እርግጠኛ ነበርኩ።»

ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ጠበቃ ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ለቁጣ ተዘጋጅታለች። ያየችው ግን ሌላ ነገር ነው፤ መንገድ ጠፍቶበት የቆየ ሰው ፊት።

«እኔ እኮ አመንኩሽ» አለች ሬዲዮ።

«ምን?»

«አመንኩሽ። ያን ቀን ከቢሮ ስንወጣ ውሸታም ናት አልኩ። ከዚያ ቤት ሄጄ ሳስብ፣ ሳስብ... አንቺ እንደዚያ እርግጠኛ ከሆንሽ፣ ያለ ምክንያት አይሆንም አልኩ። ምናልባት ነክቼዋለሁ፣ ረስቼው ነው አልኩ። እጄ ሲረጥብ ሁሉ ታየኝ።» ማስመሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ለአክስቴ አዎ፣ እኔ ነኝ አልኳት። አለቀሰች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።»

ጠበቃ በክርክር ስታሸንፍ ተሸናፊው ቤቱ ሄዶ ምን እንደሚያደርግ አስባ አታውቅም ነበር።

«ይቅር...»

«አትበይ» አለች ሬዲዮ ቶሎ። «አሁን አትበይኝ። አሁን ካልሽኝ እሺ እላለሁ፣ እሺ ማለት ደግሞ አልፈልግም።»

ከመስኮቱ የገባ ነፋስ የተዘረጉትን ገጾች አንሿሿቸው።

«ዓርብ ያለቀስሽው ለዚያች ለመስታወቷ ነገር ነው?» አለች ሬዲዮ።

«አዎ።»

«ልትነግሪኝ አትችይም ነበር? ባለጌ ብለሽ አንድ ጥፊ ብታቀምሽኝ እንኳ...»

«እችል ነበር።»

ሬዲዮ ማስመሪያዋን አነሳች። «ለምክትሉ ትነግሪያቸዋለሽ?»

«አሁን እሄዳለሁ።»

«ለአክስቴም አንቺ ነሽ የምትነግሪያት። እኔ አልነግራትም። እኔ ከነገርኳት ለማምለጥ የምዋሽ ይመስላታል።»

«እኔ እነግራታለሁ» አለች ጠበቃ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸውን እየቆለፉ ነበር። ሲያዩዋት ቁልፉ በሩ ላይ እንዳለ ቆሙ።

«ምነው? በምሳ ሰዓት ጨርሰን አልነበር?»

«በምሳ ሰዓት የነገርኩዎት ግማሹን ነው፣ ቲቸር።»

ሰዓታቸውን አዩ። «ነገ ከውድድሩ በኋላ አይሆንም?»

ቀኑን ሙሉ ስትመኘው የነበረው ይህ ነው፤ ትልቅ ሰው መጥቶ ቆይ ይደርሳል እንዲላት። ሁለተኛው ንግግር ከነሙሉ ክብሩ እንደገና ተነሳ፤ ቡድኑስ? ልጆቹ ምን አጠፉ? አንድ ቀን ምን ይለውጣል? ሁሉም ልክ ይመስላል። ልክ መምሰላቸው አስፈራት።

«ከውድድሩ በፊት መሆን አለበት» አለች።

ቁልፉን መልሰው አዞሩት። ጠበቃ ሳትቀመጥ ነገረቻቸው። እንደ መድረክ ላይ አላሰማመረችውም፤ የምታውቀውን አውቃለሁ አለች፣ የማታውቀውን አላውቅም አለች። ስትጨርስ ምክትል ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እንግዲህ ነገ ቡድኑ ያለ አንቺ ይሄዳል። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«እኔም ቸኩያለሁ» አሉ፤ ከእሷ ይልቅ ለወንበሩ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። «ያቺ ልጅ በምን ይረጥባል ስትለኝ ቧንቧውን ሄጄ ማየት ነበረብኝ።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ ግን ሰኞ እንደዚያ እርግጠኛ ያደረገሽ ምንድነው?»

«ተናድጄ ነበር» አለች ጠበቃ።

ከግቢው ስትወጣ ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ትታ በገበያው በኩል ታጠፈች። ፀጉር ቤቱ ከጫማ መጠገኛውና ከፎቶ ቤቱ መሃል ነው። በመስታወቱ ውስጥ አክስትየዋ ትታያለች፤ በጥርሷ የፀጉር መርፌ ነክሳ የአንዲት ሴትዮ ፀጉር ትጠቀልላለች። ማድረቂያው ይጮኻል። ተራ የሚጠብቁ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠዋል። ጠበቃ በሩን ይዛ ትንሽ ቆመችና ገፍታ ገባች።

የምትረዳት ልጅ ፎጣ ታጥፍ ነበር። «ለሹሩባ ነው?» አለቻት። «ዛሬ ወረፋው ብዙ ነው። ነገ ብትመጪ ይሻልሻል።»

«አይ፣ እሳቸውን ለማነጋገር ነው» አለች ጠበቃ። «እጠብቃለሁ።»

ረድፉ መጨረሻ ላይ ባዶ ወንበር ነበረ። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።